ከጎሉ አሥራ አንድ እርምጃ

የሚንኳኳው ስታዲየሙ ሲሞላ ነበር። ባዶውን ሲውል ምንም አይሰማም። ሰው እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ፣ ጎል ገብቶ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ባንዴ ሲዘል ግን በደቡቡ በኩል ከመሬት ስር ይሰማል፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሊል እንደተዘጋጀ ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ በትሕትና።

ይህን የምትሰማ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ሌላው የመጣው ጎል ሊያይ ነው፤ መሬት ሊያዳምጥ አይደለም።

ተጫዋቾቹ «እማማ ሜዳ» ይሏታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሣሩን አጭዳለች፣ አጠጥታለች፣ የተቦጨቀውን መልሳ ተክላለች። ማልያ የለበሰ ሁሉ በእሷ ፊት ሕፃን ነው። አምበሉን ሳይቀር «አንተ! ሣሬን እንዲህ የምታርሰው በሬ ነህ እንዴ?» ብላ ስትጮህበት፣ ያ በአገር የተፈራ ሰውዬ «ይቅርታ እማማ» ብሎ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ያልፋል።

አንድ ሕግ ነበራት። ከደቡቡ ጎል መካከል ተነሥቶ ወደ ሜዳው አሥራ አንድ እርምጃ ሲቆጠር፣ የጋሪ ጎማ የሚያህል ክብ ቦታ አለ። ሜዳ የሚደለድሉበትን ከባድ የብረት መዳመጫ የሚጎትቱት ሠራተኞች እዚያ ሲደርሱ መዞር አለባቸው። ለምን ሲሏት «መሬቱ እዚህ ጋ ያመዋል» ትላለች። መጀመሪያ ሳቁባት። ኋላ ነባሩ ለአዲሱ እየነገረው ሄደና ማንም የማይጠይቀው ሕግ ሆነ። ወሬው በረኞች ጆሮ ሲገባማ ባሰ፤ አንዱ እንግዳ በረኛ ኳስ እዚያ ክብ ላይ ቆማለት፣ ልያዛት አልያዛት ሲል ጎል ገባበት ተብሎ ከተማው ሳምንት ሳቀ።

ክቡ ሣር ደግሞ ዝናብ በቀረበት ዓመት እንኳ አይደርቅም። ሜዳው ሁሉ እንደ አሮጌ ጆንያ ሲገረጣ እሱ ብቻ አረንጓዴ ነው። ሰዎች ከደረጃው ላይ ሆነው በጣት ይጠቋቆሙበታል። እማማ ሜዳ ግን ለምን እንደሆነ አውቃለሁ ብላ ታምን ነበር። ከስሩ ውሃ አለ። ከውሃው በላይ ደግሞ የእናት የአባቷ ቤት በር አለ።

ስታዲየሙ ሳይኖር በዚያ ቦታ ላይ አርባ ያህል ቤቶች ነበሩ። አንዱ የእነሱ ነበር። ሁለት ክፍል፣ አባቷ አናጢ ነውና በገዛ እጁ የሠራው ባለ ሁለት ተካፋች በር፣ ጓሮው ውስጥ ደግሞ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ። ስታዲየም ሊሠራ ነው ተባለ። ለነዋሪው በከተማው ዳር ምትክ ቦታ ተሰጠ፤ ጉድጓድ ያለው ሰው በድንጋይ ደፍኖ፣ መድፈኑንም ፈርሞ እንዲያስረክብ ታዘዘ።

አባቷና የአሥራ ሦስት ዓመቱ ወንድሟ ሁለት ቀን ድንጋይ ጣሉ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እናትየውና ወንድሟ ዕቃ ጭነው ወደ አዲሱ ቦታ ቀደሙ። እሷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በመጨረሻው ጋሪ ልትሄድ ከአባቷ ጋር ቀረች። አባትየው ከጉድጓዱ አፍ ቆሞ አንድ ድንጋይ ጣለ፤ አዳመጠ። ሌላ ጣለ፤ አዳመጠ። ከዚያ ፊቱን መልሶ ባዶውን ቤት ረዥም ጊዜ አየው። በሩን ከነመቃኑ ነቀለና እየጎተተ አመጣው።

«ጫፉን ያዥልኝ፣ የኔ ልጅ።»

ያዘች። በሩን በጉድጓዱ አፍ ላይ አጋደሙት፤ አፈር አለበሰው፤ በአካፋ ጀርባ አስተካከለው። ሲጨርስ ተንበርክኮ ዓይኗን አየ።

«ይህን ያየን አንቺና እኔ ነን። ሦስተኛ የለም።»

በማግስቱ ሰዎቹ መጡ፤ አዩ። «በአርባ ጋሪ ድንጋይ ተደፍኗል» ተብሎ ተጻፈ፤ አባቷ ፈረመ። ያኔ ሜዳ የሚደለደለው በአካፋና በሰው ጉልበት ነበርና በሩን የሰበረው ነገር አልነበረም። አፈር በላዩ ላይ ተጨመረ፤ ሣር ተዘራ።

ስታዲየሙ የተመረቀ ዕለት አባቷ ይዟት ሄደ። «አባዬ፣ ቤታችን የት ነበር?» ስትለው በጆሮዋ «ከዚያ ከደቡቡ ጎል አሥራ አንድ እርምጃ ቁጠሪ። ጉድጓዱ እዚያ ነው» አላት። ተጫዋቾቹ ወደዚያ በሮጡ ቁጥር እጇን ጭምቅ ያደርጋታል። ጨዋታው ሲያልቅ ጣቶቿ ደንዝዘው ነበር። የከተማው ቡድን አሸንፎ ሰው ሁሉ ይተቃቀፋል፤ እሱ ብቻ ግንባሩን ጠርጎ «ተመስገን፣ አለቀ» አለ። ከዚያ ወዲህ የስታዲየም ደጅ ረግጦ አያውቅም።

በአዲሱ ሰፈር ግን ስሙ ገነነ። የተጣላ ሁሉ እሱ ፊት ይቀርባል፤ የተናገረው አይታጠፍም። «አባ አንድ ቃል» የሚል ቅጽል ወጣለት፤ ሲሞትም ሰፈሩ በዚያ ስም አልቅሶ ቀበረው። የአናጢ ቤቱንም ስሙንም የወረሰው ወንድሟ ነው።

እሷ አገባች፣ ሁለት ሴቶች ወለደች፣ በሠላሳ ዓመቷ ባሏ ሞተባት። ሥራ ስትፈልግ ስታዲየሙ ሣር አጫጅ ይቀጥራል ሲባል ሰማች። በገባችበት በመጀመሪያው ጠዋት፣ ማጭዱን እንኳ ሳትቀበል፣ በደቡቡ ጎል ቋሚዎች መካከል ቆማ አሥራ አንድ እርምጃ ቆጠረች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያን ክብ ቦታ እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀችው። መዳመጫ አላስነካችውም። ሣሩ ደርቆ መሬቱ እንዳይሰነጠቅ ብላ ጠዋትና ማታ በእጇ አጠጣችው።

የሥራ ዕቃ የምታኖርበት ከጎሉ ጀርባ፣ የሯጮቹ መም ሳይደርስ ያለች ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ወለሏ አፈር ነው። በሐሩሩ ወራት ጣሪያው ሲፋጅ እንኳ ወለሉ ይቀዘቅዛል፤ የምትጠጣውን ውሃ እዚያ ታስቀምጣለች። ጨዋታ ባለ ቀን ሠራተኛ ሜዳ መግባት ስለማይፈቀድለት በዱካዋ ላይ ተቀምጣ ጩኸቱን ታዳምጣለች። ጎል ይገባል፤ ሕዝቡ ይዘላል፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አንዳንዴ ሳታስበው «ማነው?» ትላለች። ወዲያው አፏን በእጇ ትይዛለች።

ስታዲየሙ አረጀ። ደረጃው ተሰነጠቀ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ በመጨረሻም ለእድሳት ተዘጋ። ወንበሮቹ ተነቅለው ሲያልቁ ደረጃው እንደ ሽማግሌ ድድ ባዶውን አፈጠጠ። የመጨረሻው ጨዋታ ውጤት ከሰሌዳው ላይ አልወረደም ነበር። ነፋስ ሲመጣ ከዚህኛው ጥግ የተነሣ ወረቀት ያለ ከልካይ ሜዳውን አቋርጦ እዚያኛው ጥግ ድረስ ይንከባለላል። ያን ያህል ዓመት የሰው ጩኸት የለመደች ሴት ዝምታው ከበዳት። የሚያያት ያለ ይመስላትና ዞር ትላለች፤ ደረጃ ብቻ ነው።

ሥራውን የምትመራው ወጣት ሴት መሐንዲስ ነበረች። ረቡዕ ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስባ «ነገ የሜዳውን ሣር እንገፍፋለን። ከዚያ ዳምጠው ይገባል» አለች።

ዳምጠው መንገድ የሚጠቀጥቀው ያ ባለ ብረት ጎማ መኪና ነው። በር ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ነጠላ ጫማ አጥልቆ ጎማው ላይ ተደግፏል።

«ስንት ይመዝናል?» አለችው እማማ ሜዳ።

«አሥራ ሁለት ቶን። ከነእኔ አሥራ ሁለት ተኩል። ምሳ ከበላሁ ደግሞ አሥራ ሦስት።»

ሰዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«ልጆች አሉህ?»

«ሦስት አሉኝ። አራተኛዋ መንገድ ላይ ናት። ምነው እማማ፣ ሊድሩልኝ ነው?»

ያን ዕለት ከሰዓት ወደ ወንድሟ ሄደች። እሱ ከአባታቸው በወረሰው አናጢ ቤት ጎንበስ ብሎ ጣውላ ይልጋል።

«ወንድምጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው።»

«ፊትሽ አንድ ነገር ብቻ አይመስልም። ቁጭ በይ እስቲ።»

አልተቀመጠችም።

«ጉድጓዱ አልተደፈነም።»

መላጊያው ቆመ። የትኛው ጉድጓድ አላላትም።

«አባዬ ደፍኗል። ፈርሟል» አለ።

«በሩን አጋድሞ አፈር አለበሰው። ጫፉን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሽ! የሰባት ዓመት ልጅ ስንት ነገር ያየች ይመስላታል!»

«አየሁ አይደለም የምልህ፤ ያዝኩ ነው። ስንጥሩ እዚህ ጋ ወግቶኛል።» መዳፏን ዘረጋችለት። አላየውም።

«እታለም፣ ሙት ወቃሽ አትሁኚ። ሰፈሩ አባ አንድ ቃል ብሎ ያከበረውን ሰው ከመቃብር አውጥተሽ ቀጣፊ ልታሰኚው ነው? ለዚያውስ ነግረሻቸው ቢቆፍሩና ምንም ባይኖር? አሮጊቷ ለቀቀች ነው የሚሉሽ። ቢኖርም አባታችን ተዋረደ። ከሁለቱ የቱ አማረሽ?»

«ሦስተኛውስ? እኔ ዝም ብዬ ያ ሾፌር ቢገባበት?»

ተመልሶ መላግ ጀመረ። ጣውላው ግን ድሮ ለስልሶ አልቆ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት መሐንዲሷን ለብቻዋ ጠርታ ነገረቻት። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ከነሥሩ እንደሚነቀል ጥርስ ነበር። መሐንዲሷ ሳታቋርጣት ሰማች፤ ከዚያ የወረቀቶቿን አቃፊ ከፈተች።

«እማማ፣ እዚህ ቦታ ጉድጓድ እንደነበረ ተጽፏል። ግን በአርባ ጋሪ ድንጋይ ተደፍኗል ይላል። ተፈርሞበታል።»

«ፊርማው የአባቴ ነው። ድንጋዩ ግን አልሞላም።»

ልጅቷ ለአፍታ አየቻት። «እሺ፤ ሰው ከሚሞት አፈር ቢገለበጥ ይሻላል። የት ጋ ነው?»

እማማ ሜዳ በጎሉ መካከል ቆመች። አሥራ አንድ እርምጃ ቆጠረች። ሁለት ቆፋሪዎች ክቡን ሣር እንደ ቆዳ ገፈው አነሡት፤ ከጎን እየተጠነቀቁ ቆፈሩ። ጉልበት ደረሱ። ወገብ ደረሱ። ቀይ፣ ጠጣር፣ ሰው ነክቶት የማያውቅ አፈር ነው። ረዥም ብረት አስገቡበት፤ በሦስት ቦታ ሞከሩ፤ ብረቱ እንቢ አለ።

«እማማ ሜዳ፣ ውሃው ምናልባት ልጫወት ብሎ ወጥቶ ይሆናል!» አለ ሾፌሩ ከወዲያ።

ጎንበስ ብላ አፈሩን በእጇ ዳሰሰችው። ከሣሩ ስር አንድ ክንድ ያህል እርጥብ ነው፤ ከዚያ በታች ደረቅ። ያኔ ገባት። ውሃ ከስር መጥቶ አያውቅም። ያ ሁሉ ልምላሜ የእሷው ባልዲ ነበር።

መሐንዲሷ ትከሻዋን ያዘቻት። «ልጅ ነበሩ፣ እማማ። ያጋጥማል። አይዞዎት።» ዞር ብላም ሾፌሩን «እንግዲያው ሥራ እንጀምር። መጀመሪያ ያችን የቆርቆሮ ቤት አፍርስልን» አለችው።

እማማ ሜዳ ከተቆፈረው ቦታ ዳር አልተነቃነቀችም። ማፈሩን ረስታዋለች። ሌላ ነገር ነው ሰውነቷን የወረራት። እዚህ ምንም ከሌለ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኳኳ የነበረው ማን ነው?

ዳምጠው ተነሣ። ሞተሩ ሲያጓራ መሬቱ ከእግሯ ስር ተንቀጠቀጠ። በዚያ መሐል ሰማችው።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ከጀርባዋ ነው።

ዞረች። ከጎሉ ኋላ፣ ከቆርቆሮ ቤቷ በኩል ነው። ለካ ሲንኳኳ እዚህ ቆማ ሰምታ አታውቅም! በጨዋታ ቀን ሜዳ አትገባም፤ ሁልጊዜ የሰማችው እዚያ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ነው። ድምፁ ከሜዳው የሚመጣላት ይመስላት ነበር።

«ልጄ!» አለቻት መሐንዲሷን። «ይህ ጎል ድሮም እዚህ ነበር?»

መሐንዲሷ ግራ ተጋብታ አሮጌውን ፕላን ዘረጋች። «አልነበረም። የሩጫው መም ሲሠራ ወደ ውስጥ ገብቷል። ድሮ ሠላሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ነበር። ይኸው፣ እዚህ።»

መሙ የተሠራው እሷ ከመቀጠሯ አስቀድሞ ነው። አባቷ የቆጠረላት ከድሮው ጎል፣ እሷ የቆጠረችው ከአዲሱ። መሐንዲሷ ጣቷን ከድሮው ጎል አንሥታ በፕላኑ ላይ ወደፊት ገፋች፤ አሥራ አንድ እርምጃ ስትደርስ ጣቷ የእማማ ሜዳ የቆርቆሮ ቤት ያለበት ቦታ ላይ አረፈ።

ዳምጠው መንገዱን ጀምሯል።

እማማ ሜዳ «አቁም!» ብትል ማን ይስማት። ሾፌሩ ስትሮጥ አይቶ በፈገግታ እጁን አወዛወዘላት። እማማ ሜዳ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እንኳ ከተወ ቆይቷል። እሱ መሙን ዞሮ ሲመጣ እሷ በጎሉ መረብ ጎን አቋርጣ ቀደመችው። ቤቷ ገባች። መሐል ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

መኪናው ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

«እማማ ሜዳ! ኧረ ቤቱን ልቀቁልኝ! የረሱት ዕቃ ካለ እኔ አወጣልዎታለሁ!»

«ሞተሩን አጥፋ!»

«ምን አሉ?»

«አጥፋ! አጥፋና በመጣህበት በእግርህ ተመለስ፣ አንተ የልጆች አባት!»

አጠፋው። ዝም አለ፤ ሰፊው ባዶ ስታዲየም በሙሉ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከተቀመጠችበት ስር አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጥርት ብሎ መጣ።

ኳ።

ሾፌሩ ሰማ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ እንደ ሻማ ጠፋ።

«ምን... ምንድን ነው እሱ?»

«በራችን ነው» አለች።

በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች ወጣች። ሾፌሩ ነጠላ ጫማውን መኪናው ላይ ትቶ በባዶ እግሩ ሲሸሽ ማንም አልሳቀበትም። ቤቷን በእጅ ፈቱት፤ ዙሪያውን ሳንቃ አነጠፉ፤ ከዳር ጀምረው አፈሩን ቀስ እያሉ አነሡ። ጉልበት የሚያህል ሲወርዱ እንጨት ታየ። ጠቁሯል እንጂ በሩ እንዳለ ነው፤ ሁለቱ ተካፋቾች ከነመቃናቸው ተኝተዋል። ጫፉን በገመድ ሲያነሡት ከስር ቀዝቃዛ አየር ወጥቶ የሁሉንም ፊት መታ። የውስጠኛው መቀርቀሪያ በታች በኩል ነው። ተቀርቅሯል።

«ከዚያ ሆኖ ማን ቀረቀረው?» አለ ተመልሶ የመጣው ሾፌር በሹክሹክታ።

አባቷ ሳያጋድመው በፊት ቀርቅሮት ይሆናል። እሷ ግን ሲቀረቅር ያየች አይመስላትም።

መሐንዲሷ ጠጠር ጣለች። ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከሩቅ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ውሃው ቦጭ አለ።

ቀና ሲሉ ወንድሟ መሙ ላይ ቆሟል። ከመናገሯ በፊት ሊወስዳት ነበር የመጣው፤ የሥራ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። ዓይኑ ከበሩ ላይ አልተነሣም።

መሐንዲሷ መዝገቧን አወጣች። «ይህን መጻፍ አለብኝ» አለች በለዘበ ድምፅ። «ወረቀቱ ተደፍኗል ይላል። እንዲህ የሸፈነው ማን እንደሆነ የሚያውቅ አለ?»

እማማ ሜዳ አፏን ልትከፍት ስትል ወንድሟ ክንዷን ያዘ።

«እኔ ልናገር» አለ። «አባታችን ነው። ሁለት ቀን አብሬው ድንጋይ ጥያለሁ። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲወርድ ሦስት ቆጠርኩ። እኔ የጣልኩት የመጨረሻውም ሲወርድ ሦስት ቆጠርኩ። አንድ ስንዝር አልቀረበም። ቀና ብዬ ሳየው እሱም ከንፈሩ ይቆጥራል። በማግስቱ ተደፈነ ሲሉ በምን ብዬ አልጠየቅኩም። ሃምሳ አምስት ዓመት አልጠየቅኩም።»

«ታውቅ ነበር?» አለችው እህቱ።

«አንቺ ያየሽውን እኔ ሰምቼዋለሁ፣ እታለም። ትናንት ስትመጪ ያን ያህል የተቆጣሁት ለምን ይመስልሻል?»

እጇን ሳይለቅ ወደ መሐንዲሷ ዞረ።

«ጻፊው። ሰው እንዳይገባበት ጻፊው። ክፉ ሰው አልነበረም። ቀኑ አልቆበት፣ ጉድጓዱ አልሞላለት ብሎ ነው።»

«ሙሉ ስማቸው ማን ነበር?»

ወንድሟ ነገራት፤ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። አንዱን ፊደል እንዳትስት እያቆመ፣ እስክትጽፍ እየጠበቀ።